ሀረጎን ሲወጣ የሚያብጥና የሚያፈስ ጀሪካን፦ ለቼይንሶው (ለሞተር መጋዝ) ቤንዚን የቱን ልያዝ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ደሴ የሚኖር፣ ኩታበርና ቦሩ ሜዳ አካባቢ ባህር ዛፍ እየቆረጠ የሚተዳደር ወንድማችን ቤንዚኑን ኮምቦልቻ ቀድቶ እዛው ከዘይት ጋር ቀላቅሎ በ5 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ይዞ ይወጣል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎ ዳገት ሲጨርስ ግን ጀሪካኑ አብጦ ክዳኑ ስር ረጥቦ ያገኘዋል። ፌስታል አድርጎበታል፣ ቴፍሎን ጠምጥሞበታል፣ ከመነዳሪ (የመኪና ጎማ ውስጥ ያለውን አየር መያዣ) ቆርጦ ጎማ ሰርቶለታል፣ አልቆመም። "ጨርሶ የማያፈስ የቱ ነው? ብረት ይሻላል ፕላስቲክ? ያ ገፋ ሲያደርጉት ብቻ የሚቀዳው ኖዝልስ (የመቅጃ አፍ) ያዋጣል ወይ?" ብሏል።

አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ያንተ ብቻ ችግር አይደለም። እኔ ኮምቦልቻ ላይ ቼይንሶውና ጀነሬተር ስጠግን ነው የምውለው፣ "ካርቡሬተሩ ተበላሸ" ተብሎ ከሚመጣልኝ መጋዝ ውስጥ ብዙው ጥፋቱ የጀሪካኑ ነው። ሰው ጀሪካን ሲገዛ ፕላስቲኩን ጫን ጫን እያደረገ "ወፍራም ነው" ይላል፣ ጀሪካን ግን ካልተሰነጠቀ በስተቀር በሆዱ አያፈስም፣ በአፉ ነው የሚያፈሰው፣ ስለዚህ ገንዘብህን የምታወጣው ለክዳኑ ነው።

ክዳኑን ገልብጠህ ውስጡን እየው። ዙሪያውን የጎማ ቀለበት ወይ ከፍ ያለ የፕላስቲክ ከንፈር መኖር አለበት፣ የጀሪካኑ አፍ ጠርዝ ላይ እኩል ተጭኖ የሚዘጋው እሱ ነው። ጥርሱ (ክዳኑ የሚዞርበት ጠመዝማዛ) የሚሰራው ክዳኑን ወደ ታች ስቦ ማጥበቅ ብቻ ነው፣ ጥርስ በራሱ ፈሳሽ አይዘጋም፣ እንዲያውም ቶሎ እንዲዞር ብለው ሰፋ አድርገው ነው የሚሰሩት። ቴፍሎንህ ያልሰራው ለዚህ ነው። የውሃ ቧንቧ ጥርስ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ እየዞረ ሲገባ እየጠበቀ ይሄዳል፣ ቴፍሎን እዛ ያምራል፣ የጀሪካን ጥርስ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ቴፍሎኑ ጭራሽ ክዳኑን መሀል ላይ ይዞ ጎማው ከጠርዙ ጋር እንዳይገናኝ ያደርገዋል፣ አንተ ጠበቀ ትላለህ እሱ ገና አልደረሰም።

ፌስታሉም ያው ነው። የመጀመሪያ ቀን የያዘ ይመስላል፣ ከዛ ቤንዚኑ ያለሰልሰዋል፣ ይጨማደዳል፣ በየጭምድዱ ውስጥ ትነቱ መንገድ ያገኛል፣ ክዳኑን በከፈትክ ቁጥር ደግሞ ጠርዙ እየቆረጠው ብጣሹ ወደ ውስጥ ይወድቃል። አንድ "ጋዝ ስሰጠው ይሞታል" የተባለ መጋዝ መጥቶልኝ ፊልትሮውን (የነዳጅ ማጣሪያውን) በሽቦ ከሰርባቶዮው (ከነዳጅ መያዣው) ስስበው ጥቁር የፌስታል ብጣሽ ግማሹን ሸፍኖት ወጣ፣ ባለቤቱ አዲስ ካርቡሬተር ሊገዛ ብሩን ቆጥሮ ይዞ ነበር የመጣው።

ከመነዳሪው ደግሞ ለአየር የተሰራ ጎማ ነው፣ ቤንዚን ሲነካው ይጠጣና ያብጣል፣ ያበጠ ጎማ ከቦታው ወጥቶ ይጣመማል። ቤንዚን የሚችለው ናይትራይል የሚባለው ጎማ ነው፣ ከሱ ከፍ ያለው ቫይተን ነው፣ የፓምፕና የመኪና መለዋወጫ ቤት "ነዳጅ የሚችል ኦሪንግ" (ክብ የጎማ ቀለበት) ብለህ ጠይቅ። ሻጩን ማመን አይጠበቅብህም፣ ሁለት ገዝተህ አንዱን ክዳን ባለው የብርጭቆ እቃ ውስጥ ቤንዚን አድርገህ ከቤት ውጭ አሳድረው፣ ጠዋት ካልነከርከው ጋር ደርበህ እየው፣ ከሰፋ ወይ ከለሰለሰ አይሆንህም። ሲልከን የምትቀቡ ደግሞ ተዉት፣ ተራ ሲልከን ቤንዚን ውስጥ አብጦ እንደ ቆዳ ይላቀቃል።

የዘይት ጀሪካኑ ራሱ ምኑ ነው ችግሩ ካልክ፣ የምግብ ዘይት አይተንም፣ ክዳኑ ተገልብጦ እንዳይንጠባጠብ ከበቃው በቃ። ቤንዚን ግን በቀዝቃዛ ቀንም ይተናል፣ ክዳኑ ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን ግፊትም መያዝ አለበት። ከዛ በላይ የሚያስፈራኝ ግን መልኩ ነው፣ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ያለ ቤንዚን ማጀት ገብቶ ዘይት ይመስላል፣ ሃይላንድ ውስጥ ያለው ደግሞ ልጅ ይጠጣዋል። ልጅ ቤንዚን ቢጠጣ እንዲያስመልሰው እንዳታደርጉ፣ ሲያስመልስ ሳንባው የሚገባው ነው ይበልጥ የሚጎዳው፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ነው መሮጥ። በአፍ በቱቦ ስቦ መቅዳትም አደጋው ያው ነው።

አሁን ወደ ሀረጎ እንምጣ፣ የጥያቄህ ዋናው እሱ ነውና። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1850 ሜትር ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2500። ከፍታ ሲጨምር ከውጭ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፣ ኮምቦልቻ ላይ በግምት 81 ኪሎ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) የነበረው ደሴ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። አንተ ግን ጀሪካኑ ውስጥ የዘጋህበት የኮምቦልቻን አየር ነው። ልዩነቷ 6 ኪሎ ፓስካል ብቻ ናት፣ ግን 20 በ30 ሳንቲሜትር በሆነ የጀሪካን ጎን ላይ ስታሰላት ከ35 ኪሎ በላይ ክብደት ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋ ማለት ነው። የሚያብጠው ለዚህ ነው፣ ጎኑ እየተለጠጠ ግፊቱን ትንሽ ያቀልለታል፣ የቀረው ግን መውጫ ፍለጋ በቀጥታ ክዳኑ ላይ ነው የሚሄደው። በዛ ላይ አይሱዙው ላይ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ጠመዝማዛው ላይ ይናጣል፣ ሲሞቅና ሲናጥ ትነቱ ይጨምራል፣ ክዳኑ ስር ያየኸው እርጥበት በዚህ ሁሉ ተገፍቶ የወጣ ነው።

እስከ አፉ ሞልተኸው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ቤንዚን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ይሰፋል፣ 5 ሊትሩ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ካላገኘ ትነት ሳይሆን ፈሳሹ ራሱ ነው የሚወጣው። ስለዚህ 5 ሊትር ጀሪካን ላይ 4.5 ሊትር ቅዳና አቁም፣ "አናቱ ጎደለብኝ" ብለህ ቀጂውን አትጨቅጭቅ።

አንዳንድ ረዳት ደግሞ "ይተንፍስ" ብሎ ክዳኑን ላላ ያደርገዋል። ይሄን በፍጹም አትፍቀድ። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፣ ወደ ላይ ሄዶ አይጠፋም፣ ወለል ላይ ተኝቶ እየተሳበ እሳት ፍለጋ ይሄዳል፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ውስጥ እንኳን ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት አለው፣ እንኳን በኛ አየር። ሚኒባስ ውስጥ ከሰው ጋር ይዞ መሳፈርም አይሆንም፣ አንድ ሲጋራ ነው የሚበቃው። በጭነት መኪና ከሆነ ቀጥ አድርገህ እሰረው፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አርቀው፣ እርጥብ ጆንያ ጣል አድርግበት፣ ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል።

እሺ የቱን ልግዛ ላልከው። ፕላስቲክ ከሆነ ለነዳጅ ተብሎ የተሰራ፣ ታቹ ላይ ወይ ጎኑ ላይ ጽሑፍ የታተመበት ይሁን። የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃ ማሸጊያ ምልክት አለ፣ ክብ ውስጥ "ዩ" እና "ኤን" የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ላይና ታች ሆነው ይጻፉና ከአጠገቡ "3ኤች1" የሚል ታያለህ፣ 3 ጀሪካን ነው ማለት ነው፣ ኤች ፕላስቲክ፣ 1 ደግሞ አፉ ጠባብ፣ አናቱ የማይነሳ። የብረቱ "3ኤ1" ነው የሚለው። ቀጥሎ ያለችውን ፊደል ልብ በል፣ "ኤክስ" ወይ "ዋይ" ከሆነች ለቤንዚን ይሆናል፣ "ዜድ" ከሆነች ተወው፣ እሷ አደጋው ዝቅ ላለ ፈሳሽ ነው። የተመረተበት ዓመትም አብሮ ይጻፋል፣ ለፕላስቲኩ አደገኛ ዕቃ እንዲጫንበት የሚፈቀደው ከተመረተ እስከ 5 ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ እጀታው ስርና ማዕዘኖቹ ላይ ነጣ ያለ ጭረት ማየት ስትጀምር ጊዜው አልፏል።

ብረት ይሻላል ወይ? እንደ አሠራሩ ነው። የወታደር የሚባለው ባለ ምላስ ክዳን ብረት ጀሪካን ሲዘጋ ምላሱ በኃይል ስለሚጫነው ግፊት በመያዝ የሚደርስበት የለም፣ ጎማውም በቀላሉ ይቀየራል፣ ለ20 ሊትር ማከማቻ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ግን ይከብዳል፣ ብረቱ ስለማይለጠጥ ግፊቱ ሁሉ ውስጥ ይጠብቅሃል፣ ስትከፍተው በደንብ ይተነፍሳል። ደሴ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግማሽ ጎደሎ ከተቀመጠ ውስጡ ያለው አየር ላብ ይሰራና ዝገት ያመጣል፣ ዝገቱ ፊልትሮ ላይ ነው የሚያልቀው። ብየዳው የሳሳ ርካሽ ብረት ከመግዛት ደህና ፕላስቲክ መያዝ ይሻላል። ብረቱ ቢያፈስ ብየዳ ቤት እንዳትወስደው፣ ባዶ የቤንዚን ዕቃ ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል፣ ውስጡ የሚቀረው ትነትና አየር ነውና። መንገድ ላይ ጭረት ቢያገኝህ ደረቅ ሳሙና ጫን ጫን አድርገህ ሙላበት፣ ሳሙና ቤንዚን አያሟሟውም፣ ሾፌሮች የሚያደርጉት እውነት ነው፣ ግን ቤት እስክትደርስና ወደ ሌላ እስክትገለብጠው ብቻ።

ላንተ ሥራ ግን፣ ዛፍ ለዛፍ እየዞርክ ለምትቆርጠው፣ ምርጡ ሁለት ክፍል ያለው ጥምር ጀሪካን ነው፣ ባንዱ በኩል 5 ሊትር ነዳጅ፣ በሌላው 3 ሊትር የሰንሰለት ዘይት የሚይዝ፣ መጋዝ አምራቾቹ ስቲልም ሁስክቫርናም በዚህ ዓይነት ይሰራሉ (የሁስክቫርና ልኩ ትንሽ ይለያል)። ሁለቱ እኩል እኩል ስለሚያልቁ ነዳጅ በሞላህ ቁጥር የሰንሰለቱን ዘይት አትረሳም።

ገፋ ሲያደርጉት የሚቀዳው ኖዝል ያዋጣል፣ ግን አሠራሩን ካወቅክ ነው። ውስጡ ሁለት መንገድ አለ፣ ባንዱ ነዳጅ ይወርዳል በሌላው አየር ወደ ጀሪካኑ ይገባል። ሰርባቶዮው ሲሞላ ነዳጁ የአየሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ አየር ካልገባ ነዳጅ አይወርድም፣ በራሱ ይቆማል፣ ከዛ ስታነሳው ስፕሪንጉ ይዘጋዋል። ተራው አፍ "ጉሉክ ጉሉክ" እያለ መጋዙን የሚያጥበው ይሄ የአየር መንገድ ስለሌለው ነው።

ኖዝሉ ማፍሰስ የሚጀምረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የመጋዝ ዱቄት ኦሪንጉ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ቅንጣት ትበቃለች፣ አውጥተህ በንጹህ ቤንዚን እጠብና ኦሪንጉን ለመጋዙ ከምትቀላቅለው ዘይት ጠብ አድርገህ ቀባው። ሁለተኛው የአጠቃቀም ነው፣ ሀረጎን ወጥቶ ያበጠ ጀሪካን ገልብጠህ ቀጥታ ኖዝሉን ከተጫንከው ግፊቱ ፊትህ ላይ ነው የሚተፋው፣ ፊት ለፊትህ ያለው ደግሞ የጋለ ማርሚታ ነው። መጀመሪያ ጀሪካኑን መሬት ላይ ቀጥ አድርገህ አስቀምጥ፣ ፊትህን አዙር፣ ክዳኑን ሩብ ዙር ላላ አድርገህ "ፍስስስ" የሚለው እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከዛ አጥብቀህ ቅዳ። የመጋዙን ክዳንም እንደዛው ቀስ ብለህ ነው የምትከፍተው፣ እሱም የጋለ ቀን ግፊት ይይዛል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ትንሽ ይብረድ፣ ከሞላህ በኋላ ቢያንስ 3 ሜትር ፈቀቅ ብለህ አስነሳ፣ የፈሰሰ ካለ ጥረግና ይድረቅ።

ጀሪካኑ ደህና ሆኖ መጋዙ የሚያፈስበት ጊዜም ብዙ ነው። በተለይ ያለ መፍቻ በእጅ የሚታጠፈው ክዳን ገጥሞ ሳይሆን ተንጋዶ ይቆለፋል፣ የተዘጋ ይመስልሃል። አጥፈህ ከቆለፍከው በኋላ ሳብ ሳብ አድርገው፣ ከተነሳ አልገባም። ሌሊት የቆመበት ቦታ ካርቶን አንጥፍለት፣ ጠዋት እድፉ የት ስር እንዳለ አይተህ ጀሪካኑ ይሁን መጋዙ ትለያለህ።

ማደያ ስትቀዳ ፕላስቲኩን ጭነት መኪናው ላይ ወይ ባጃጅ ውስጥ እንዳለ አታስቀዳ፣ መሬት ላይ አውርደው፣ የማደያው ኖዝልም የጀሪካኑን አፍ ነክቶ ይቆይ፣ ቤንዚን ሲፈስ ኤሌክትሪክ ይሰበስባል፣ መሬት ሲነካ ነው የሚወርድለት።

ድብልቁን ባጭሩ፦ የመጋዝህ ማኑዋል 50 ለ1 (50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) ካለ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ዘይት ነው፣ 25 ለ1 ካለ 200 ሚሊ። 4.5 ሊትር ስትቀዳ 90 እና 180 ይሆናል ማለት ነው። 50 ለ1 የሚባለው ፋብሪካው የሚያዘው ዓይነት ዘይት ሲሆን ነው፣ ከመንገድ ዳር የገዛኸው ምንነቱ የማይታወቅ ዘይት ላይ እሱን ልክ አትጠቀም፣ ፒስቶኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)። በጠርሙስ ክዳን መለካት ይቅር፣ ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ግዛ። መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን፣ ከዛ ዘይቱን፣ ነቅነቅ፣ ከዛ ቀሪውን። ስትነቀንቀው ግፊት ስለሚፈጥር እንደገና በቀስታ ክፈት። የተቀላቀለው ከአንድ ወር በላይ አይቀመጥ፣ ቀላል ቀላሉ ተኖ የሚቀረው መጋዝ የማያስነሳ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ደሴ ብርድ ስለሆነ ከሰል ምድጃ ሳሎን ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ ጀሪካኑ ከአልጋ ስር ነው። እባክህ፣ ውጭ ጥላ ያለበት፣ ልጅ የማይደርስበት፣ አየር የሚገባው ቦታ ይሁን፣ ላዩ ላይም በማርከር "ቤንዚን ከዘይት ጋር፣ ለመጋዝ" ብለህ ቀኑን ጻፍበት።

አዲሱን ስትገዛ የሚፈተንበትን ልንገርህ። ሱቁ ውስጥ ባዶውን ዝጋና በጉልበትህና በክንድህ መሀል ጨምቀህ ክዳኑ ላይ ጆሮህን አድርግ፣ ከተነፈሰ መልስለት፣ ምራቅ ወይ የሳሙና አረፋ ብትቀባው አረፋው ያሳይሃል። ገዝተህ ስትወጣ ደግሞ ባዶውን ኮምቦልቻ ላይ ጥብቅ አድርገህ ዘግተህ ደሴ ይዘኸው ውጣ፣ ቤንዚን ሳታባክን ሀረጎ ራሱ ይፈትንልሃል። ደሴ ደርሶ ጎኑ ወጣ ካለና ስትከፍተው በደንብ ከተነፈሰ ጎማው ይዟል። ምንም ድምፅ ከሌለው መንገድ ላይ ተንፍሶ ጨርሷል፣ ቤንዚን ቢኖርበትም እንዲሁ ነበር የሚሆነው። ደሴ ዘግተኸው ስትወርድ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ደህና ጀሪካን ኮምቦልቻ ሲደርስ ጎኑ ገባ ገባ ይላል፣ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ፣ ክዳኑን ላላ ስታደርገው ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ የሚያመጣልህ ሰው ካለ ጀሪካኑን ብቻ አይደለም፣ መለዋወጫ የክዳን ጎማና የኖዝል ኦሪንግ ሁለት ሁለት አብሮ ያምጣ፣ እዚህ ልኩን ማግኘት ፈተና ነው። በኋላ ስታስመጣም ፎቶ አትላክለት፣ አሮጌውን ጎማ ራሱን በወረቀት ጠቅልለህ ላክለት፣ ግማሽ ሚሊ ከተሳሳተ ክዳኑ ያው ማፍሰሱን ይቀጥላል።